ዋሻ ወለድ ሲልቨር ያዝኩ! ልለውጠው ወይስ ላሳድገው?

ሳር_ቤት_22 · ማክሰኞ፣ ማታ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ ዝም ብዬ አንባቢ ነበርኩ። አሁን ግን የሚያማክረኝ ሰው ቸገረኝ።

ድራጎን ኬቭ የሚባለውን ጨዋታ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ዛሬ ከሥራ ወጥቼ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ልክ ሰዓቱ ሲሞላ ዋሻውን ከፈትኩ። እንደተለመደው ሦስት እንቁላል፣ ስም የለ፣ አንዳንድ መስመር መግለጫ ብቻ። የአንዱን መግለጫ ሁለት ቃል እንዳነበብኩ ጣቴ ራሱ ነካው። መቼም እንደምታውቁት ሁሌ ሌላ ሰው ቀድሞ ይወስደዋል። ዛሬ ግን ስክሮሌ (ድራጎኖቼ ያሉበት ገጼ) ላይ ገብቶ ቁጭ! ሲልቨር! ያውም ዋሻ ወለድ! ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ከፊቴ የነበሩት እናት ዞር ብለው "ደህና ነህ ልጄ?" አሉኝ።

ደስታዬን አንድ የፈረንጆች ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት ሰው በውስጥ መስመር መጣ።

አንደኛው ሦስተኛ ትውልድ ጎልድና ስድስት ተራ እንቁላል እሰጥሃለሁ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ "ቲንሰል አለኝ፤ ሲልቨርህን ዛሬ ላክልኝ፣ የቲንሰሉን ልጅ በሚቀጥለው ወር አስወልጄ እሰጥሃለሁ" ይላል። እስከ ነገ መልስ እፈልጋለሁም ብሏል። የእንቁላሉ ሰዓት 6 ቀን ከ20 ሰዓት ይላል። ምን ላድርግ?

ባለ_ሦስት_ዓይን · ማክሰኞ፣ ማታ 3:24

እንኳን ደስ አለህ። ከልቤ አይደለም። አራት ዓመት ስጫወት ዋሻ ወለድ ሲልቨር ያየሁት በሰው ስክሮል ላይ ብቻ ነው። ለምን እኔ ከፍቼ ተራ እንቁላል ብቻ ነው የሚመጣልኝ?

ጥያቄ_አለኝ · ማክሰኞ፣ ማታ 3:31

ይቅርታ፣ ርዕሱን አይቼ ስለ ጌጣጌጥ መስሎኝ ነው የገባሁት። ስለ ምንድን ነው የምታወሩት?

ባለ_ሦስት_ዓይን · ማክሰኞ፣ ማታ 3:40

ሃሃሃ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ከፈረንጆቹ 2006 ጀምሮ ያለ የድረ ገጽ ጨዋታ ነው። ከዋሻ እንቁላል ታነሳለህ። ስድስት ቦታ አለ፦ ተራራ፣ ባሕር ዳርቻ፣ በረሃ፣ ጫካ፣ ጥቅጥቅ ደን፣ እሳተ ገሞራ። እንቁላሉ ሰባት ቀን አለው። በዚያ ውስጥ በቂ ሰው ካላየው ይሞታል። ካየው ይፈለፈላል፣ ጫጩቱም እንደዚሁ ታይቶ ያድጋል። ካደገ በኋላ ታራባዋለህ፣ ልጆቹን ትለዋወጣለህ። ውጊያ የለም፣ ሩጫ የለም። ትንንሽ ሥዕል ነው። ለኔ ስልክ ተስማሚ ነው፣ በደካማ ኔትወርክም ይከፍታል።

ጥያቄ_አለኝ · ማክሰኞ፣ ማታ 3:43

እና ሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚጮኸው ለዚህ ነው?

እማማ_ዋሻ · ማክሰኞ፣ ማታ 4:15

አዎ ልጄ፣ ለዚህ ነው።

ሳር ቤት፣ ስማኝ። እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው (ስሙ ራሱ ገድ ነው እላለሁ)። በፈረንጆቹ 2008 ልጄን አቅፌ ሌሊት ሳስተኛ ነው የጀመርኩት። ያ ልጅ ዛሬ ኮሌጅ ገብቷል፣ እኔ አሁንም ዋሻው ደጃፍ ነኝ።

ለማንም እንዳትሰጥ። ዶሮዋን ሸጠህ እንቁላል ልትገዛ ነው እንዴ?

ዋሻ ወለድ ማለት ወላጅ የሌለው ማለት ነው። የዘር ሐረጉን ስትከፍተው ብቻውን ቆሞ ታየዋለህ። ነገ አድጎ ከሌላ ዋሻ ወለድ ጋር ስታገናኘው የሚወለደው ሁለተኛ ትውልድ ይባላል፣ ሰው ሁሉ የሚሻማው ያንን ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ማራባት ትችላለህ። በዓመት ስንት ሳምንት እንዳለ ቁጠረው። ስድስቱን ተራ እንቁላልማ ነገ ጠዋት ከዋሻው ራስህ ታነሳዋለህ።

ግን ደግሞ በየሳምንቱ ሲልቨር ይወለዳል ብለህ እንዳትጠብቅ። እዚህ ጨዋታ ላይ ከአንዳንድ ቅይጥ ዘሮች በቀር፣ ልጅ ወይ የእናቱን ወይ የአባቱን ዘር ይይዛል። ሲልቨርን ከተራ ጋር ስታጋባ የሚመጣልህ አብዛኛውን ጊዜ ተራው ነው። አንዳንዴ ጭራሽ ምንም የለም። አንዳንዴ ደግሞ እንቢ ይባባላሉ፣ እንቢ የተባባሉ ጥንዶች እስከ ወዲያኛው አይታረቁም። እኔ ለአምስት ወር ያዘጋጀኋቸው ሁለት ጥንዶች መጀመሪያ ቀን ተጣልተውብኝ ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

ቲንሰሉን በሚመለከት። ቲንሰልና ሺመር ስኬል በገና ዕጣ የወጡ ናቸው። ዋሻ ወለዱን የያዙት ሰዎች በጣም ጥቂት ናቸው፣ ልጅ ለማግኘት የሚጠብቃቸው ወረፋ ደግሞ ረጅም ነው። እንዲህ ያለ ሰው ማታ ማታ አዲስ ተጫዋች ውስጥ መስመር ገብቶ "እስከ ነገ መልስ ስጠኝ" አይልም። የስክሮሉን ስም ጠይቀውና ራስህ ገብተህ እይ።

ሳር_ቤት_22 · ማክሰኞ፣ ማታ 4:22

እትዬ እማማ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የስክሮሉን ስም ጠየቅኩት። "ስክሮሌን ደብቄዋለሁ" አለኝ።

እማማ_ዋሻ · ማክሰኞ፣ ማታ 4:24

መልሱን አግኝተሃል። ደግሞ እትዬ ብቻ ወይ እማማ ብቻ በለኝ፣ ሁለቱን ስትደርብ ዕድሜዬን ጨመርክብኝ።

ደላላው_ነኝ · ረቡዕ፣ ጠዋት 2:05

እማማን አክብሬ ትንሽ ልቃወም።

ቃል ብቻ ያለው ሰውዬ ይቅር፣ እስማማለሁ። ባዶ እጅ ለባዶ ቃል አይሰጥም። ግን ሁሉም ሰው ዘር አስተካክሎ ለማራባት ትዕግሥት የለውም። የለዋጭ ሥራ የሚወድም አለ፣ እኔ አንዱ ነኝ። ይሄ ጨዋታ ላይ ተጫዋች ከተጫዋች የሚገበያየው ዕቃ በዕቃ ነው። አያቶቻችን በአሞሌ ጨው ገበያ ሲውሉ የነበረው ስሜት ትንሽ የገባኝ እዚህ ነው። የኔ ዋጋ አንተ የፈለግከው ነገር ነው፣ ያንተም እንደዚያው።

ልትለውጠው ከፈለግክ እንዲህ አድርግ። ማጂ የሚባለው ድራጎን ያደገ አለህ? ማጂ ቴሌፖርት ይሠራል፣ እንቁላልህን በሊንክ ለሌላ ሰው ያሻግራል። አንደኛው ዓይነት ሊንክ የነካ ሁሉ እንቁላሉን ይወስዳል፣ እሱ ለስጦታ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ሊንክ ሰዎች የየራሳቸውን እንቁላል አቅርበው አንተ የምትመርጥበት ነው። ሁለተኛውን ክፈት፣ ትሬዲንግ ሀብ (የጨዋታው መለዋወጫ ገጽ) ላይ አውጣው፣ ሁለት ቀን ዝም በል። ዝም ማለት አስፈላጊ ነው። መርካቶ ዕቃ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ዋጋ የጠራ እንደሆነ አለቀለት።

ጎልዱን ግን ልየው። ሦስተኛ ትውልድ ብሎ ነገር ብቻውን ምንም አይልም። የዘር ሐረጉን ለጥፍልን።

ሳር_ቤት_22 · ረቡዕ፣ ቀን 6:30

ሥዕሉ እንቢ አለኝ፣ በቃል ልጻፈው።

አባት ጎልድ፣ እናት ብላክ።
የአባት አባት ጎልድ ዋሻ ወለድ፣ ስሙ "ሰር ጎልዲ" ይላል። የአባት እናት ፒንክ ዋሻ ወለድ።
የእናት አባት ጎልድ ዋሻ ወለድ፣ ስሙ "ሰር ጎልዲ" ይላል። የእናት እናት ብላክ ዋሻ ወለድ።

ሁለት ጎልድ አያት! ጥሩ አይደለም?

ደላላው_ነኝ · ረቡዕ፣ ቀን 6:38

ወንድሜ፣ ስሙን እንደገና አንብበው።

ሳር_ቤት_22 · ረቡዕ፣ ቀን 6:41

ውይ።

እማማ_ዋሻ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 10:10

አሁን ተነሥቼ አየሁት። ቡናዬን ልተፋው ነበር።

አንድ ስም ሁለት ጊዜ መጣ ማለት አባትና እናት በአባታቸው ወንድምና እህት ናቸው ማለት ነው። አገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። እዚህ አንድ ቤት አልሞላ! ሰውዬው "ሦስተኛ ትውልድ" ብሎ ሲያቀርብልህ ያልዋሸው ሦስት የሚለውን ቁጥር ብቻ ነው።

ባለ_ሦስት_ዓይን · ረቡዕ፣ ማታ 1:15

እኔ ግን ይሄ ነገር አይገባኝም። ፒክስል ነው እኮ። ከእህቱም ይወለድ ከአክስቱ፣ ሥዕሉ ያው ነው። አይታመም፣ አያንስ፣ ቀለሙ አይቀየር።

እማማ_ዋሻ · ረቡዕ፣ ማታ 2:02

ልክ ነህ፣ ጨዋታው ራሱ ግድ የለውም። ግድ ያለው ሰው ነው። ዋጋ የሚያወጣው ደግሞ ሰው ነው።

ሰው የሚወደው ንጹሕ ዛፍ ነው። ሁለት ዘር ብቻ በየትውልዱ እየተፈራረቀ ዳማ ሲመስል፣ ወይ በአንድ በኩል እንደ ደረጃ እየወረደ አዲስ ዋሻ ወለድ ሲጨመርበት። እንዲህ ያለ አንድ የስምንተኛ ትውልድ ዛፍ ለመጨረስ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል። አንዷ ከፊላዴልፊያ፣ አንዱ ከፖላንድ። እንደ ዕቁብ ነበርን፣ በየተራ እያራባን ለባለ ተራው እንሰጣለን። ዕጣ አላወጣንም እንጂ። የኔ ተራ ሲደርስ ጥንዶቹ እንቢ ተባባሉ፣ የፖላንዱ ሰውዬ ምንም ሳልለው የራሱን ላከልኝ። ፊቱን አይቼው አላውቅም።

የሰማይ_መንጋ · ረቡዕ፣ ማታ 3:30

እኔ ፍላይት ራይዚንግ የሚባል ሌላ የድራጎን ጨዋታ ነው የምጫወተው፣ ልጨምር? እኛ ጋ የሥጋ ዘመድ ማራባት ጨዋታው ራሱ ይከለክላል። እስከ አምስት ትውልድ የተዛመዱ ከሆነ ጎጆ አያስገባቸውም። እናንተ በሽማግሌ የምትቆጥሩትን እኛ ጋ ኮምፒውተሩ ይቆጥራል።

ደግሞ እኛ ጋ ገንዘብ አለ፣ ትሬዠርና ጀም፣ የሐራጅ ቤትም አለ። ጨዋታው በፈረንጆቹ 2013 ነው የወጣው። ብርቅ የሚባለውም ሌላ ነው። ቀለም በክብ ተደርድሯል፣ የልጁ ቀለም ከእናቱና ከአባቱ ቀለም መካከል ይወድቃል። ስለዚህ ሁለት ተቀራራቢ ቀለም ካገናኘህ ልጁን ገምተህ ማስወለድ ትችላለህ። ሦስቱም ቀለሙ አንድ ዓይነት የሆነ ድራጎን ለማግኘት ሰው ወራት ይፈጃል። በመጀመሪያ ዘመን ተወልደው መለያ ቁጥራቸው አጭር የሆኑ ደግሞ አሉ፣ መልካቸው ምንም ሳይሆን ዋጋቸው ሰማይ። ባለ አራት አሃዝ ድራጎን አይቼ ዓይኔን ነው ያሻሸሁት። ቀለሙ ግን የጭቃ ነበር።

ገዢ_አለኝ · ሐሙስ፣ ጠዋት 3:00

ሳር ቤት፣ ለምን ታደክማቸዋለህ። በብር እገዛሃለሁ። ቴሌብር አሁን፣ ዋጋ ጥራ።

አወያይ · ሐሙስ፣ ጠዋት 3:20

ይሄ እዚህ አይሆንም። ድራጎን ኬቭም ፍላይት ራይዚንግም በእውነተኛ ገንዘብ መሸጥ መግዛትን ይከለክላሉ። ከተደረሰበት የሁለታችሁም አካውንት ይሄዳል፣ እንቁላሉም አብሮ። መልእክቱን ለትምህርት ብዬ ነው የተውኩት። ሁለተኛ ጊዜ ይጠፋል።

ደላላው_ነኝ · ሐሙስ፣ ጠዋት 3:26

እኔ ስሜ ደላላ ሆኖ እንኳ ብር አልጠራሁም።

ሳር_ቤት_22 · ሐሙስ፣ ማታ 2:50

እርዱኝ እርዱኝ። እንቁላሉ ታመመ መሰለኝ!

ላሳድገው ወስኜ ነበር። ቶሎ እንዲፈለፈል ብዬ ያገኘሁት የጠቅታ ሳይት (ሰው የሌላውን እንቁላል የሚያይበት) ሁሉ ላይ አስገባሁት። አሥራ አንድ ሳይት። አሁን ከፍቼ ሳየው ታሟል ይላል። 4 ቀን ከ20 ሰዓት ይቀረዋል። ባትሪዬ 9 በመቶ ነው፣ ሰፈር መብራት የለም።

እማማ_ዋሻ · ሐሙስ፣ ማታ 2:53

ከሁሉም ሳይት አውጣው። አሁኑኑ። ከዚያ ስክሮልህ ላይ ግባና ጭጋግ አልብሰው። ጭጋግ ውስጥ ሲሆን ማንም አያየውም። ሌላ ምንም አትንካ።

ባለ_ሦስት_ዓይን · ሐሙስ፣ ማታ 2:55

አዎ ጭጋግ! በአንዴ ብዙ ዓይን ስላረፈበት ነው። እናቴ ቡዳ በላው ትል ነበር።

ሳር_ቤት_22 · ሐሙስ፣ ማታ 2:58

ከስምንቱ አወጣሁት። ሦስቱ አልከፍት አሉኝ። ጭጋጉን አልብሼዋ

ባለ_ሦስት_ዓይን · ሐሙስ፣ ማታ 3:30

ሳር ቤት?

ጥያቄ_አለኝ · ሐሙስ፣ ማታ 3:41

ባትሪው አልቆ ነው። እኔ ደግሞ ለምን እንደምጨነቅ አላውቅም።

ደላላው_ነኝ · ሐሙስ፣ ማታ 3:50

ጭጋጉ ከለበሰ ሳይቶቹ ላይ ቢቀርም አይጎዳውም። ሰዓቱ ግን ጭጋግ ውስጥም ይሄዳል። ስለዚህ ነገ ሲሻለው መግለጥ አለበት፣ አለዚያ ዓይን ሳያይ ጊዜው ያልቅበታል።

የሰማይ_መንጋ · ሐሙስ፣ ማታ 4:05

እስኪመለስ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አለ። በቀደም ከሥዕሉ ሥር ተቀምጬ ድራጎኖቼን ስመግብ እናቴ ላፕቶፑን አየችው። ከዚያ ሥዕሉን አየች። ከዚያ እኔን። "እሱ ይገድላል፣ አንቺ ታራቢያለሽ?" አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ሳር_ቤት_22 · ዓርብ፣ ጠዋት 1:40

በሕይወት አለ!!! መብራት ሌሊት 9 ሰዓት መጣ፣ ያኔ ነቅቼ አየሁት። ሕመሙ ለቆታል። ሦስቱንም ሳይት ዘጋሁ። አሁን ጭጋጉን ገልጬ አንድ ሳይት ላይ ብቻ አስገባሁት።

ሌሊት 9 ሰዓት ለእንቁላል እንደተነሣሁ ለማንም አትንገሩ።

እማማ_ዋሻ · ዓርብ፣ ከሰዓት 9:20

እሰይ። እንቁላል የሚፈለፈለው የቀረው ጊዜ ከ4 ቀን ሲያንስ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ሚሊዮን ሰው ቢያየውም አይወጣም፣ ይታመማል እንጂ። ስለዚህ ቀስ። ያደገ ሬድ ድራጎን ካለህ ብቻ ነው በኢንኩቤት አንድ ቀን የምታሳጥረው።

ሳር_ቤት_22 · እሑድ፣ ቀን 5:15

ተፈለፈለ! ትንሽ፣ ብርማ፣ ጭራው እንደ ክር። ፆታው ገና አለየም። ፒንክ ድራጎን ስላለኝ በኢንፍሉዌንስ ሴት እንድትሆን መረጥኩ። ዋሻ ወለድ ወንድ ብላክ አለኝ፣ ለሱ አስቤ ነው።

ስም እያሰብኩ ነው።

ባለ_ሦስት_ዓይን · እሑድ፣ ቀን 5:19

ንግሥት የሚል ነገር አድርግላት።

ሳር_ቤት_22 · ማክሰኞ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፣ ማታ 2:00

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። አድጋለች። ስሟን "ሽሮ ፈሰስ" አልኳት፣ በፈረንጅ ፊደል። አንድ ፈረንጅ ትርጉሙን ጠይቆኝ "የጥንት ንግሥት ናት" አልኩት።

ያ ባለ ጎልዱ ሰውዬ አሁን ስምንት ተራ እንቁላል አድርጎታል። ባለ ቲንሰሉ አልተመለሰም።

መጀመሪያው ሳምንት ከብላኩ ጋር አገናኘኋቸው፣ ምንም የለም። ግን አልተጣሉም፣ ዋናው እሱ ነው። ዛሬ ሁለተኛውን ሞከርኩ። ጣቴን አጣምሬ ነው የነካሁት። አንድ እንቁላል!

ደላላው_ነኝ · ማክሰኞ፣ ማታ 2:04

ሲልቨር???

ሳር_ቤት_22 · ማክሰኞ፣ ማታ 2:06

ብላክ።

ደላላው_ነኝ · ማክሰኞ፣ ማታ 2:07

እህህ። ቢሆንም ሁለተኛ ትውልድ ነው፣ እናቱ ሲልቨር ናት። ዛፍ የሚጀምር ሰው ይወስደዋል። ሀብ ላይ ካወጣኸው ደህና ነገር ትለውጥበታለህ።

ሳር_ቤት_22 · ማክሰኞ፣ ማታ 2:15

ማጂው ዝግጁ ነው፣ ግን የስጦታውን ዓይነት ሊንክ ነው የከፈትኩት። ጥያቄ_አለኝ፣ አንተ ስክሮል ከፍተሃል አይደል? በውስጥ መስመር ላኩልህ።

ጥያቄ_አለኝ · ማክሰኞ፣ ማታ 2:31

ባለፈው ሳምንት ነው የከፈትኩት፣ አራት ተራ ጫጩት ብቻ ነበረኝ። አሁን ገባልኝ። የዘር ሐረጉን ከፍቼ አየሁት፣ ሦስት ሥዕል ብቻ ነው፣ ስሞቹን ሁለቴ አነበብኳቸው፣ አይደጋገሙም። 6 ቀን ከ23 ሰዓት ይላል። አሁን ምን ላድርግ?

እማማ_ዋሻ · ማክሰኞ፣ ማታ 2:40

አንድ ሳይት። ከዚያ ስልኩን አስቀምጠህ እራትህን ብላ።